ወፎቹና ጥቁሩ መኪና

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ሱሉልታ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ዓመት ዓይኑን ሞራ እየጋረደው መጣና መርፌ ላይ ክር ማስገባቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ስለ ዓይኑ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ኅዳር ሲገባ ግን «ልጄ፣ የጨፌውን ወፎች ዘንድሮ ካላየሁ ሁለተኛ አላያቸውም» አለኝ።

ወፎቹ ትንንሽና ጠይም ናቸው። ቀኑን ሙሉ በየማሳው ሲለቅሙ ይውሉና ማምሻውን ረግረጉ ላይ፣ ቄጠማው ውስጥ ለማደር ይሰበሰባሉ። ከማረፋቸው በፊት ሁሉም ባንድ ላይ ተነስተው ሰማዩን ይሞሉታል፤ አንዴ ይጠቀለላሉ፣ አንዴ እንደሚራገፍ ጋቢ ይዘረጋሉ። አንድ ወፍ መለየት ያቃተው ዓይን ያን ሁሉ መንጋ አያጣውም። አባቴ የተማመነው በዚህ ነው።

እጁን ይዤ ወሰድኩትና መንገዱ ዳር ቆምን። ቄጠማ የምታጭድ ሴት አጠገባችን ነበረች።

«ኦቦ፣ ትንሽ ታገሡ፤ ሲምቢሮው አሁን ይነሳል» አለችው፤ ወፉን ማለቷ ነው።

የክንፉ ድምፅ ሲሰማ አባቴ ቀና አለ። ይኼኔ ጥቁር መኪና ከጫንጮ በኩል መጥቶ ከፊታችን ቆመ። የማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የምንረግጠው መሬት ባለቤት የሆኑት የጌታው ነው።

«ጌታው ናቸው!» ብላ ሴትዮዋ ማጭዷን ጣለች።

ጌታ ፊት ቆሞ ሰማይ ማየት የሚባል ነገር የለም። አባቴ ለወፎቹ ጀርባውን ሰጠ፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገና ለጥ ብሎ እጅ ነሳ። እኔም ጎነበስኩ። ያ ሁሉ ክንፍ ከላያችን ሲዞር እኛ አቧራና ጎማ እናያለን። ቀና በሉ እስክንባል ጠበቅን፤ ማንም አላለንም።

ወፎቹ አርፈው ጸጥ ሲል ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ሾፌሩ ብቻውን በሩን ተደግፎ ቆሟል። የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

«ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም!» አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ለባዶ ወንበር! የጨርቅ ወንበር ነው አባቴን ያስጎነበሰው። ሾፌሩን አልረግመውም፣ ወፍ ለማየት ቆመ እንጂ ምን አደረገ? የምረግመው ያን ወንበር ነው፤ ሰው ሳይቀመጥበት እንኳን ወገባችንን እንዲያጥፍ ያደረጉትንም ጭምር።

አባቴ ጋቢውን መልሶ ለበሰና «ወፎቹስ?» አለኝ።

«አረፉ።»

በማግስቱ ወሰድኩት፤ በሦስተኛውም ቀን ወሰድኩት። መንጋው ጨፌውን ለቆ ሄዷል። ተመልሶ እስኪመጣ ዓይኑ አልጠበቀውም።

ብርሃኑን ጨርሶ ካጣ በኋላ አንድ ደንበኛ፣ «ለመሆኑ መጨረሻ ላይ አጥርተው ያዩት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አባቴ «የመኪና ጎማ» ብሎ ሳቀ። ሰውየውም ሳቀ። እኔ የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።