መዳብ ያለበት ቀለበት

በእውቀቱ ስሙን ያወጡለትን አባቱን ዛሬም ይወቅሳል። “በእውቀቱ” ተብሎ የተጠራ ሰው ያወቀውን ሳይናገር እንዴት ይኑር? ከደብረ ታቦር ተመድቦ አሰላ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ስለ ሟሚና አሟሚ ሳያብራራ ስኳር አማስሎ አያውቅም። ጓደኞቹ ሻይ ቤት ሲገባ ካዩት ቀስ ብለው ሂሳብ ይከፍላሉ።

ይህ አመሉ ሃኒን ሊያሳጣው ነበር። ሃኒ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። እናቷ ወይዘሮ ማሚቱ አንድ ልጃቸውን ዘመዱን ለማያውቁት ሰው ለመስጠት ስንት ጊዜ እሺ ብለው ስንት ጊዜ እንደሻሩ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ቀለበት ይታሰር ተባለ።

የዕለቱ ዕለት ከበቆጂ የመጡት አጎቷ አቶ ግዛቸው ቀለበቱን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉና ጠየቁ።

“ንጹሕ ወርቅ ነው፣ አይደል?”

አዎ ማለት በቂ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ብሎ ዳቦውን ይበላ ነበር።

“ንጹሕስ አይደለም” አለ በእውቀቱ ደረቱን ነፍቶ። “ዐሥራ ስምንት ካራት ነው። ሩቡ መዳብና ብር ነው።”

ሽማግሌ ሆነው የመጡት ርእሰ መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“መዳብ?” ወይዘሮ ማሚቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሡ። “ልጄን በመዳብ ሊወስዳት ነው የመጣው?”

በእውቀቱን ላብ አጠመቀው፤ አፉ ግን አልቆመም። “እማማ፣ ንጹሕ ወርቅ እኮ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጎብጣል! የመዳቡ አተሞች በወርቁ አተሞች መሃል ቦታ ይዘው እንዳይንሸራተቱ ያግዷቸዋል...” እጁ ሳያስበው ጠመኔ ፍለጋ ኪሱ ገባ። ሞኝነቱ ለራሱም ታየው።

“እንግዲያው መዳቡን አውጥተህ ወርቁን ብቻ አምጣልን” አሉ አቶ ግዛቸው።

“አይወጣም፣ አባቴ። ቀልጠው ተቀላቅለው ነው አንድ ላይ የረጉት። ጠጣር ሙሙት እንለዋለን። በዚህ ቢቆርጡት በዚያ፣ ሁሉም ቦታ ያው ነው። አይለያዩም!”

“ዱጋ?” አቶ ግዛቸው ስሜታቸው ሲነካ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። “እውነት አይለያዩም?”

“እውነት!”

“ታዲያ ይኼን መጀመሪያ አትልም ነበር? ማሚቱ፣ ተቀመጪ! እኛ ‘አይለያያችሁ’ ብለን ልንመርቅ መጣን፣ ቀለበቱ ቀድሞን ተመርቋል!”

ወይዘሮ ማሚቱ ቆመው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። በእውቀቱ በደስታ እንባው መጣ፤ ግን የተናገረው ነገር ጎዶሎ መሆኑ ትዝ ሲለው ማረም አማረው። ሳይንስ ነዋ!

“እርግጥ...” ብሎ ጀመረ።

የሃኒ ተረከዝ እግሩ ላይ አረፈ።

“እርግጥ... በጣም ደስ ብሎኛል” አለ።

በኋላ ስትሸኘው በር ላይ አፈጠጠችበት። “አሲድ ልትል ነበር።”

“በአሲድ ይለያያሉ እኮ፣ ሃኒዬ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ...”

“አውቃለሁ። ይለያያሉ” አለችው ሃኒ። “አንተ ግን ዝም ብለህ አግባኝ።”