አሚን ያልኩበት ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት የመኝታ ቤቴ ልስን ትራሴ ላይ ሲራገፍ ነው የነቃሁት።

ወጥቼ ሳይ፣ የጎረቤቴ የጋሽ ሰይድ ሠራተኞች የጋራ ግድግዳችንን ሥር እየማሱ ነው። ለፎቅ ቤት መሠረት መቆፈራቸው ነው፤ ጋሽ ሰይድም አጠገባቸው ቆመው ያሠራሉ።

«ጋሼ፣ ማን ፈቅዶልዎት ነው?» አልኳቸው።

«አንቺው ነሻ! ሐሙስ ዱዓው ላይ አሚን ብለሽ የለም እንዴ? አብሽሪ!»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። የሐይቅ ከተማ ልጅ ጎረቤት ዱዓ ሲጠራው ክርስቲያን ነኝ ብሎ አይቀርም። ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ «ጎረቤት የፈቀደውን ቤት አላህ ያጽናው» ሲሉ፣ እኔም እጄን ዘርግቼ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሚን!» አልኩ።

ለእኔ ለአንዷ ተብሎ በክርስቲያን እጅ በግ ሲታረድ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለግንባታ ባለሙያዋ ሁሉንም ነገርኳት። ባለሙያዋ ስቃ ስታበቃ፣ «በጋራ ግድግዳ ሥር ለመቆፈር የጎረቤት የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ግድግዳውም እንዳይጎዳ አስቀድሞ መደገፍ አለበት። አሚን ፈቃድ አይሆንም» አለችኝ። መጥታም ቁፋሮውን አስቆመችልኝ።

አሁን ደግሞ የጋሽ ሰይድ ባለቤት መጡና «ሐሙስ የእርቅ ዱዓ አለን፣ እንዳትቀሪብን» ብለውኝ ሄዱ። በጉ ተገዝቷል አሉ።

እርቅ እንቢ አይባልም፣ እሄዳለሁ። ግን ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሳልሰማ ከአፌ አሚን አይወጣም።

እናንተንስ ጎረቤት ምን አስብሏችሁ ምን ሠራባችሁ? ሐሙስ ሳይደርስ ንገሩኝ።