ቶጉ የወረደ ቀን፣ ከካራማራ ሥር

ዘጠነኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ሳይክል ነበረኝ። እዚህ ላይ ባቆምም ደስታው አያልቅብኝም፤ ግን ልቀጥል። በድንበር ከተማው በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ያገለገለ ሳይክል ነው። ጎማው ወፍራም፣ ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ከማርሾቹ የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ። ሦስቱ ግን ለኮረኮንች ይበቃሉ፤ ያልበቁ ቀን ወርዶ መግፋት ነው።

አባዬ የገዛልኝ ልመናዬ ሲሰለቸው ነው። መምህር ስለሆነ ነገር ሲፈቅድ እንኳ የክፍል ሕግ እንደሚያወጣ ሆኖ ነው የሚፈቅደው። በራችን ላይ ቆሞ ጣቱን ቀሰረ።

«አንደኛ፣ ሳይክልሽን አስፋልት ላይ እንዳላየው። ሁለተኛ፣ ምሳ ሳይቀርብ እቤት። አንዱን ካፈረስሽ ሳይክሉ እስከ መስከረም ይታሰራል።»

አስፋልቱን ለምን እንደፈራ ጅጅጋ የኖረ ሰው አይጠይቅም። የጫት መኪኖች ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ ከካራማራ ተራራ ቁልቁል ይበራሉ፤ ጡሩምባቸው ሲሰማ ፍየሉም ባጃጁም ዳር ይይዛል። ስለዚህ ለእኛ የቀረን ገጠሩ ነበር። ከከተማው ጀርባ ወጥቶ ማሽላ ማሳ የሚያቋርጥ፣ ከዚያ ቶጉን ተሻግሮ ከካራማራ ሥር ወዳሉት ኮረብታዎች የሚዘልቅ ኮረኮንች አለ። ቶግ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነውን ወንዝ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃ ይወርድበታል፣ ከዚያ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል።

«እኛ» ያልኩት እኔንና የጎረቤታችንን ልጅ ነው። ሶማሊ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። የምትነዳው የወንድሟን ሳይክል ነው፤ እሱ ረፋዱን ሁሉ ስለሚተኛ እስካሁን የጠየቃት የለም። ስትነዳ ረጅም ቀሚሷን ጠቅልላ ወገቧ ላይ በሻርፕ ታስረዋለች፣ ከሥሩ የስፖርት ሱሪ አለ። ከከተማ እስክንወጣ ሰው ሁሉ ያየናል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ወንድም የላችሁም?» ብለው ሲጠይቁን፣ እሷ ሳትቆም «አለን አደር፣ ተኝቷል» አለቻቸው፤ አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

ያን ቅዳሜ በጠዋት ወጣን። የነሐሴ ማሽላ ከእኛ ቁመት በላይ ስለነበር እኔ ከፊቴ የሚታየኝ የእሷ ጀርባና የጭቃው ፍንጣሪ ብቻ ነበር። ማሳው ሲያልቅ ሜዳው ድንገት ተከፈተ። ግመሎች አንገታቸውን አዙረው አዩን። ከመንደሩ የወጡ ሕፃናት «ባስኪል፣ ባስኪል» እያሉ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ተከተሉን። የቶጉን ደረቅ አሸዋ ሳይክላችንን እየገፋን ተሻገርን፤ ከዚያ ዳገቱ ጀመረ።

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ» ትለኛለች።

«ያለኝን ሁሉ ቀይሬ ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ጸልዪ።»

ኮረብታው ጫፍ ላይ ከወዲያ ማዶ ሸለቆ አለ፣ ከሸለቆው በኋላ ሌላ ኮረብታ፤ መንገዱ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ እሱን ይወጣና ይጠፋል። ያን ሁለተኛ ኮረብታ አልፈነው አናውቅም፤ ምሳ አይፈቅድልንም። ሸለቆው ድረስ ግን ይቻላል። እግራችንን ከፔዳሉ አንሥተን ለቀቅነው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ቅልጥሜን ይመታኛል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ከንፋሱ የተነሣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል፤ እኔ እስቃለሁ። እሷም ከፊቴ ትስቃለች። ታች ስንደርስ ቁጭ ብለን ትንሽ ሳቅን፣ ከዚያ ዳገቱን ለመመለስ ተነሣን።

ቶጉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ድምፁን ሰማነው። ጠዋት የተሻገርነው አሸዋ የለም። በቦታው ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍና የተቀደደ ጆንያ ይዞ ይወርዳል። በእኛ ላይ ፀሐይ ነው፣ አናታችን ይቃጠላል። ካራማራ ላይ ግን ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ጅጅጋ ተወልጄ ቶግ የሚሞላው ተራራው ላይ በዘነበው መሆኑን አላውቅም አልልም። ግን ጠዋቱን ሙሉ ያየነው ከራሳችን በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሰማያዊ ነበር።

ዳሩ ላይ አንዲት ወተት ሻጭ ሴትዮ ተቀምጠዋል። አህያቸው ቢጫ ጀሪካኖች ተጭናለች። ውሃውን ቆመን ስናፈጥበት አዩንና «ናያ፣ እናንተ ልጆች፣ ተቀመጡ» አሉን በሶማሊኛ። «እኔም ብዙ ቆሜለት ነበር፣ አላሻገረኝም።»

ራቅ ብሎ የአስፋልቱ ድልድይ ይታያል። በዚያ ከሄድን ምሳ ሳይቀርብ እንደርሳለን፤ ግን አስፋልት ነው። እዚህ ከጠበቅን አስፋልት አልነካንም፤ ግን ምሳ ያልፈናል። ስልኬን ወደ ላይ አንሥቼ ዞርኩ፣ ኔትወርክ የለም።

«አቦ ማን ያየናል?» አለች ጓደኛዬ።

«ጅጅጋ ላይ?»

አሰበችበት። «እውነትሽን ነው። ድልድዩን ሳንጨርስ እናትሽ ትሰማለች።»

«ከሁለቱ የቱን እናፍርስ ታዲያ?»

«አንቺ ነሽ የቲቸር ልጅ።»

እስከ መስከረም ማለት የቀረው ክረምት በሙሉ ነው፤ ኮረብታዎቹ እዚህ፣ እኔ እቤት፣ ሳይክሉ በሰንሰለት። ድልድዩን አየሁት፣ ውሃውን አየሁት። ከዚያ «አስፋልቱን አንደኛ ያለው ያለ ነገር አይደለም» አልኩና ሳይክሌን አጋደምኩት። እሷም «ታስጠያለሽ እኮ» እያለች የእሷን አጠገቡ አስተኛችው።

ምሳ ሰዓት እንዳለፈ ጡሩምባ ተሰማ። የጫት መኪናው ድልድዩን እንደ ጥይት አለፈው። የአህያዋ ጆሮ ቆመ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

ሴትዮዋ በጀሪካኑ ክዳን የግመል ወተት ቀዱልን፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ይጣፍጣል። እየጠጣን ሳለ ማዶ አንድ ባጃጅ ቆመና አባዬ ወረደ። እጁን እያወራጨ ይጮኻል፣ ውሃው ድምፁን ይበላዋል።

«ማነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አባቴ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምሳ አልፎ።»

«አልበላም እንዴ?»

ጓደኛዬ ወተቱ በአፍንጫዋ ወጣ። አባዬ ሲደክመው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኛ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ፣ ቶጉ መሀል። ሊቆጣን መጥቶ ወረፋ መጠበቁ እያሳቀኝ፣ ደግሞ ፊቱን ሳየው ሳቄን እየተውኩ ብዙ ተቀመጥን።

ውሃው ከጉልበት በታች ሲወርድ አህያዋ ቀደመች፣ እኛ ሳይክላችንን ይዘን ተከተልን። አባዬ ሱሪውን ጠቅልሎ መሀል ድረስ ገብቶ ተቀበለን። እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

«ድልድዩን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አስፋልት ነዋ አባዬ።»

«መጀመሪያ እዚያ ነው የፈለግሁሽ» አለ። «መኪናው ሲያልፍ ባጃጁ ተንቀጠቀጠ። ከመኪናው ፊት ትሆን እያልኩ...»

ዳር ስንወጣ ሴትዮዋ ክዳኑን ሞልተው ዘረጉለት። ሶማሊኛ አይችልም፤ ጓደኛዬ ተረጎመችለት። «ቲቸር፣ ጠጣና ተቆጣ ይሉሃል።»

ጠጣ። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም ቀረ፤ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። እሱ ከእኛ አልፎ ኮረብታውን ያያል።

«ከዚያ ወዲያ መንገዱ የት ነው የሚያወጣው?»

«አናውቅም» አልኩ። «ከኋላው ሌላ ኮረብታ አለ፤ እሱን አልፈን ለምሳ አንደርስም።»

ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ። ክዳኑን መለሰ። የጠቀለለውን ሱሪ እየፈታ፣ እኛን ሳያይ፣ «እንግዲያው ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አለ። «ውሃ ከመጣም እንደ ዛሬው ተቀመጡ። እኔ እመጣለሁ።»

ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስከ ማግስቱ ሰምበር ነበረው። አመሰግናለሁ ማለቱን ረስቼ ሳይክሌ ላይ ወጣሁ። አባዬ በባጃጁ ከኋላችን ሆኖ «ቀስ በሉ» ይላል። እኛ ግን ማሽላው ውስጥ ገብተናል፤ በዚያ ኮረኮንች ደግሞ ባጃጅ ሳይክል ላይ አይደርስም።