ላልወለደች እናት የተገነፋ ገንፎ

«ላልወለደች ሴት ደግሞ ምን የሚሉት ገንፎ ነው? የሌላ ሰው ልጅ አምጥታ።»

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ፣ የሰፈራችን ሴቶች እንደ አራስ ሊጠይቁኝ በተሰበሰቡበት ምግብ ቤት ውስጥ እትዬ አስካለ ያሉት ነው።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው። በጉዲፈቻ ከአዲስ አበባ ካመጣኋት ገና ሳምንቷ ነው፤ አማርኛ ከኔ የበለጠ ስለምትችል የተባለው ሁሉ ገብቷታል። ማንኪያዋን አስቀምጣ ክንዴ ሥር ተሸጎጠች።

ልመልስ ስል ገንፎውን ያገነፉት እትዬ በላይነሽ ቀደሙኝ።

«እኔ ያገነፋሁት ለእናት ነው። አስካለ፣ አንቺ ካላሰኘሽ ሽሮ ይታዘዝልሽ።»

ሁሉም ሳቀ። ልጄም ቀና ብላ ሳቀች። ከዚያ ሴቶቹ ተራ በተራ እየተነሱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ሳሙኝ። አልጋዋንም የመኪና ወንበሯንም ያመጡልኝ እነሱው ናቸው።

(እትዬ አስካለ ገንፎውን ሁለቴ አስጨምረዋል። አይቻለሁ።)

ልጅ በጉዲፈቻ ያሳደጋችሁ፣ እናንተስ ምን ተባላችሁ? ማንስ ቆመላችሁ? ጻፉልኝ።

እስከዛሬ የተናገረው ታላቅ ሰው ነው እያልኩ ብዙ ነገር በዝምታ አልፌያለሁ። ከእንግዲህ ግን ልጄ እየሰማች «የሌላ ሰው ልጅ» የሚል ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከኛ ጋር ገበታ አይቀርብም።