በሸንተረሩ ላይ የወንድሜ ችካሎች

ካምፓላ ውስጥ ከቡጎሎቢ ሰፈር ስነሳ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የወንድሜ ሚስት ትዕግስት ጃንጥላ ይዛ እስከ ደረጃው ታች ሸኘችኝ። «የተከለው ሁሉ እንዳለ መሆኑን ብቻ አይተህ ና» አለችኝ። እኔም «እሺ» ብዬ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣሁ።

ወንድሜ ብሩክ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ነበር። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይስቃል፤ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን አያውቅም። ወደ ካምፓላ የመጣው ቀያሽ ሆኖ ነው። መሬት ሲለካ ቆይቶ መሬት መንደፍ ጀመረ። የመጨረሻ ሥራው ከቪክቶሪያ ሐይቅ በላይ፣ ድንጋያማ ሸንተረር ላይ የሚሠራ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ ነው። በበጋው፣ እሁድ እሁድ፣ መስመሩን በችካል ሲያመለክት የሜትሩን አንድ ጫፍ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ኦልድ ካምፓላ ውስጥ የስልክ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ስለ ጎልፍ የማውቀው እሱ ሲናገር የሰማሁትን ብቻ ነው።

በመጋቢት ታመመ። ሕመሙ አጭር ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አርባው ካለፈ በኋላ የመሬቱ ባለቤት ማዳም ናካቶ ደወሉልኝ። ከናይሮቢ የመጣ ሌላ ነዳፊ አዲስ ሐሳብ አቅርቦላቸዋል። ሸንተረሩን በዶዘር መቁረጥ፣ ገደሉን መሙላት፣ ሁሉንም ለጥ ያለ ሜዳ ማድረግ ይፈልጋል። «የወንድምህን መስመር አንድ ጊዜ በእግሬ ልሂድበት» አሉኝ። «እግሬ ከተቀበለው እንደ ወንድምህ ይሠራል። ካልተቀበለው ሰኞ ዶዘሮቹ ይገባሉ። ችካሎቹን የሚያውቅ ደግሞ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።»

ስለዚህ የሄድኩት ለመጠበቅ ነው። አንድ ችካል እንኳ እንዳይነቀል።

ናካሴሮ እና የማሳካ መንገድ

ለቦዳው አምስት ሺህ ሽልንግ ከፍዬ ናካሴሮ ገበያ ወረድኩ። የማዳም ናካቶ ሹፌር ሴማንዳ ከገበያው በር አጠገብ ፒካፑን አቁሞ ይጠብቀኛል። ማዳም በሌላ መኪና ቀድመውን ሄደዋል። ሴማንዳ ጥቁር ሸሚዜንና ያልተላጨ ጢሜን አየና «ኪታሎ፣ ሴቦ» አለኝ። እዚህ አገር ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚባለው ይህ ነው፤ ሴቦ ጌታዬ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲያው ሬዲዮኑን ቀነሰው። ደስ አለኝ። ስለ ብሩክ ምንም አልጠየቀኝም።

ከከተማው ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብን። መጨናነቁ ላይ ቆመን ሴማንዳ በመስኮት ሁለት ሮሌክስ ገዛ፤ አንዱ ሦስት ሺህ። ትኩስ የቻፓቲ ቂጣ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ከጎመንና ከቲማቲም ጋር። ለብዙ ሳምንት ምግብ አልጥም ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጨርሼ ጣቴን ላስሁ።

ካምፓላን ከወጣን በኋላ መንገዱ ኮረብታ ለኮረብታ ይሄዳል። ኮረብታው ላይ ሙዝ፣ ሥሩ ላይ ረግረግና ደንገል። ሙዝ፣ ደንገል፣ እንደገና ሙዝ። ከምፒጊ ከተማ አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ትልልቅ ከበሮዎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ከነሱ አጠገብ ቀይ ቡናማ የሆነ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ነው፤ ሉቡጎ ይሉታል። ብሩክ በበጋው ከዚያው ቦታ ገዝቶ ነበር። ችካሎቹ ላይ የሚያስረው የፕላስቲክ ጥብጣብ በሳምንቱ እየጠፋ ሲያስቸግረው «ይህን ማንም አይሰርቀውም» ብሎ የልጥ ጨርቁን በረጅሙ ቀዶ አሰረው። ለሴማንዳ ይህን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

ወደ ግራ ታጥፈን ቀዩ የአፈር መንገድ ላይ ገባን። መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። በመጨረሻ ሙዙ አለቀና ሐይቁ ታየ። ግራጫ ነው፤ ዳር የለውም፤ ደሴቶቹ ውኃው ላይ የተቀመጡ ጥቁር ኮፍያዎች ይመስላሉ።

ሸንተረሩ ላይ

ማዳም ናካቶ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ አንድ የጎልፍ ዱላ እንደ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። መሬቱ የአባታቸው ነው። ጎልፍ ይጫወታሉ፤ ሲናገሩ ግን ይበልጥ እንደ ገበሬ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ችካሎቹን ነው። ሁሉም አሉ! ከላይኛው ዓለት ጀምሮ እስከ ታች፣ እያንዳንዱ ከነልጥ ጨርቁ። በደስታ «አንድም አልጠፋም» አልኩ።

ሴማንዳ ግን አንዱን ጠጋ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይህን ማነው ያሰረው?»

«ወንድሜ።»

«የኛ ሰው ሙታኑን የሚጠቀልለው በዚህ ነው፣ ሴቦ።»

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ይዘው ከሙዙ ውስጥ ወጡ። ጎረቤት ናቸው፤ ሁሉም ጃጃ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ሴማንዳ እየተረጎመልኝ፣ ይህን የሠራው ሰው ወንድሜ እንደሆነና መሞቱን ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ችካሎቹን በጣታቸው እያሳዩ አንድ ነገር ጠየቁ። ሴማንዳ ሊተረጉምልኝ ጀምሮ ሳቁ አቋረጠው።

«ወንድምህ አንድ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሬሳ የማነው? ይሉሃል።»

ጃጃ ቀጠሉ። መንደሩ በሙሉ ወደ ምንጩ የሚሄድበትን ቀጥተኛ መንገድ ትቶ ከበጋው ጀምሮ ዞሮ ነው የሚሄደው። መቃብር የሚረግጥ ማን አለ? «ጉልበቴ አለቀ እኮ!» አሉ ጀሪካናቸውን እየወዘወዙ። «የናንተ ሙታን ለምን እንደኛዎቹ አንድ ቦታ አይተኙም?»

ሳቅሁ። ብሩክ ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ቢሰማ መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቅ ነበር። ጨርቁን ሁሉ በነጭ እንደምንቀይረው ለጃጃ ቃል ገባሁላቸው።

ከዚያ መሄድ ጀመርን። የመጀመሪያው መምቻ፣ ኳሷ የምትመታበት ቦታ፣ ለጥ ያለ ዓለት ላይ ነው። ማዳም ቆመው ወደ ኋላቸው ሐይቁን አዩ። «ለምን ጀርባውን ሰጠው? የሚያምረው እኮ ያ ነው።»

ይህን አውቀዋለሁ። ብሩክ እዚያው ቦታ ላይ ነግሮኛል። «ፀሐይ ጠዋት በሐይቁ በኩል ነው የምትወጣው» አልኳቸው። «ወደዚያ ከመቱ ኳሷን አያዩዋትም። ሐይቁን ሲመለሱ ያዩታል።» እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፤ ግን ገባቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

አራተኛው ጉድጓድ ገደሉን የሚያሻግረው ነው። መምቻው በዚህኛው አፋፍ፣ ሣሩ አጭር ሆኖ ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ቦታ፣ ግሪን የሚሉት፣ በዚያኛው አፋፍ። መሃሉ ጥልቅ ነው። ትልልቅ የሾላ ዛፎች ጫፋቸው እኛ እግር ሥር ነው የሚደርሰው፤ ጦጣዎች ይንጫጫሉ። የናይሮቢው ነዳፊ ሊሞላው ያሰበው ይህን ነው። ማዳም ከኪሳቸው ኳስ አውጥተው መቱ። ገደል ገባች። ጦጣዎቹ ጮኹ። «እሷን እነሱ ይጫወቱባት» አሉና ሁለተኛ መቱ። ይቺኛዋ ዓለቱን ነክታ ዘለለችና ማዶ ሣሩ ላይ ቀረች። ማዳም እንደ ልጃገረድ እልል አሉ። «ይህንን የሚሞላ ሰው እብድ ነው!»

በዚያች ደቂቃ ያለቀልን መሰለኝ። ልቤ ሞላ። ወንድሜ አሸነፈ አልኩ።

ሰባተኛው

ሰባተኛው ብሩክ ከሁሉም የሚወደው ነበር። ከዓለቱ ወገብ ተመትቶ ታች፣ ጎድጓዳ ሳህን በመሰለ ረባዳ ውስጥ የሚያርፍ። በበጋ እዚያ የተኛ ለስላሳ ሣር ብቻ ነበር። ብሩክ በጀርባው ተጋድሞ «እዚህ ምንም የምጨምረው የለም» ያለኝን አስታውሳለሁ።

ዓለቱን ዞረን ስንወጣ ረባዳው ውኃ ሞልቷል። ኩሬ ሆኗል። ነጫጭ ወፎች ዳሩ ላይ ቆመዋል። የብሩክ ችካል መሃሉ ላይ ዘንበል ብሎ፣ ጨርቁ ርሶ ጠቁሯል።

እንቁራሪቶች ይጮኻሉ።

«ይደርቃል» አልኩ። «ዝናቡ ሲያልፍ ይደርቃል።»

«ከዚያስ? በሚቀጥለው ክረምትስ?» አሉ ማዳም።

«ቱቦ መቅበር ይቻላል።»

«ቱቦ ለመቅበር ዶዘር ላስገባ ነዋ። ዶዘር ከገባ ደግሞ የናይሮቢው ሰው ምን አጠፋ?» ቁጣ አልነበረባቸውም። ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ልጄ፣ ወንድምህን አልወቅስም። ዝናቡን ሳያይ ነው የሄደው።»

ይህ ቃል ወጋኝ። እውነት ስለሆነ ነው። በበጋ ቸከለ፤ ዝናብ ሳይመጣ ሞተ። ከጠዋት ጀምሮ በአፌ የያዝኩት መልስ ሁሉ የእሱ ነበር። ለዚህ ግን መልስ አልተወልኝም።

ሄጄ ዳር ላይ ቆምኩ። ብሩክ ግራ ሲገባው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወረቀቱን ትቶ በዳር በዳሩ እየተራመደ ዙሪያውን ያይ ነበር። እኔም ዞርኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። በዚያኛው ወገን፣ ከውኃው ከፍ ብሎ፣ ዓለቱ ሥር እንደ መደብ የወጣች መሬት አለች። እዚያ ላይ ቀንዳቸው ረጃጅም የሆነ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ሌላው ቦታ ላይ ያሉት ላሞች ግን ሁሉም ቆመዋል። ወጣሁና መዳፌን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። እርጥብ ነው፤ ግን ጠንካራ ነው። ተረከዜን ተከልኩ፤ አልሰመጠም። ቀና ስል መምቻው ፊት ለፊቴ ነው፤ ኩሬው መሃላችን ነው። ግሪኑ እዚህ ቢሆን ኳሷ ውኃውን ተሻግራ ነው የምትመጣው።

ብሩክ ይህን አላየውም። ሊያየው አይችልም ነበር፤ ኩሬው አልነበረማ።

ሱሪዬን ጠቅልዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ድረስ መጣ። ችካሉን ያዝኩት። የመታው እሱ ነው፤ ሜትሩን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ነቀልኩት። ከጭቃው ሲወጣ ድምፅ አሰማ።

በአንድ እጄ ችካሉን፣ በሌላው መዶሻ የሚሆን ድንጋይ ስለያዝኩ የረጠበውን ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ መደቢቱ ወጣሁ። ያኔ ከላይ ከመንገዱ እልልታ ተሰማ። ጃጃ ሌሎች ሴቶች አስከትለው እየተመለከቱኝ ነው። «ኦሙሲካ! ኦሙሲካ!» ይላሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ይስቃሉ።

ሴማንዳም እየሳቀ መጣ። «ሰው ሲሞት በስተመጨረሻ ወራሹ ይቆማል። ትከሻው ላይ ሉቡጎ ያለብሱታል። ኦሙሲካ ማለት እሱ ነው። አንተ ራስህን በራስህ ሾምክ!»

«ሸሚዝህ ግን ለወራሽ አይሆንም፤ ጭቃ ብቻ ነው» ብለው ጮኹ ጃጃ ከላይ። ይህንንም ተረጎመልኝ።

ላሞቹን አስነስተን ችካሉን መታሁት። ጨርቁን ልጥለው ስል ጃጃ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቺ አንዷ ትቅር፣ እዚህ መንገድ የለንም አሉ። አሰርኩት።

ማዳም ናካቶ ወደ መምቻው ተመልሰው ወጡና መቱ። ኳሷ ኩሬውን ተሻግራ ከእግሬ ብዙም ሳትርቅ አረፈች። ሲወርዱ ፊታቸው ተለውጧል። «ዶዘሮቹ እንዳይመጡ እደውላለሁ። ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ይበቁናል። ሥራው ሲጀመር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ እዚህ ትቆማለህ።»

«እኔ ጎልፍ አላውቅም፣ ማዳም።»

«ትማራለህ። ደመወዝ አለው። አስበህ ንገረኝ።»

ከመሄዳችን በፊት የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳደን የቀሩትን ጨርቆች በነጭ ቀየርናቸው። ሴቶቹ ረዱን። ጃጃ በቀጥተኛው መንገድ ውኃቸውን ቀድተው ሲመለሱ አየኋቸው።

መመለስ

በመመለሻው ሴማንዳ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ጎንጃ ገዛልኝ፤ ጣፋጭ የሙዝ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ በሁለት ሺህ። ሬዲዮኑን ራሴ ከፈትኩት። ከተማው ስንገባ መብራቱ ሁሉ እርጥብ አስፋልት ላይ ተንጸባርቋል።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በደንብ መናገር እችል እንደሆነ አላውቅም። የሞተን ሰው ሥራ መውደድ እጅን ሰብስቦ መቆም ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። መሬቱ ዝናብ ይመጣበታል፤ በሕይወት ያለ ሰው እዚያ መቆም አለበት።

ቤት ስደርስ ትዕግስት በሩን ከፈተች። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ነው። መጀመሪያ እግሬን አየች፤ ከዚያ ፊቴን።

«እንዳለ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ስምንቱ እንዳሉ ናቸው። ሰባተኛውን እኔ አንስቼዋለሁ።»

ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወዴት?»

ጠረጴዛው ላይ አሳየኋት። ሳህኑን ረባዳ አደረግሁት፣ ውኃ ጨመርኩበት፣ የጨው ዕቃውን ዓለት አደረግሁት። ላሞቹንና ማዳም ስለ ቅዳሜ ያሉኝን ነገርኳት። የጃጃን ጥያቄ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። ከዚያ ጣቷን የሳህኑ ጠርዝ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«እሱ ሲጠራኝ እንኳ ሄጄ አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ ትሄዳለህ?»

«የምሄድ ይመስለኛል።»

«ጭቃው እስከ ምን ድረስ ነው?»

«እስከ ቁርጭምጭሚት። ኩሬው ጋ እስከ ጉልበት።»

ተነሳችና መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ሥር ስትፈልግ ሰማኋት። የብሩክን ቦት ጫማ ይዛ ወጣች፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ከተተችበት።

«ሰፋኝ» አለች። «ሁለት ካልሲ አደርጋለሁ።»