ኳሱ ለማን ይሰጣል?

ሰሞኑን ባለቤቴ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ነጥብ የሚወዳደርበትን የፋንታሲ ፉትቦል ቡድኑን ሲመርጥ፣ «ኳስ ይዞ የሚሮጠው፣ ራኒንግ ባኩ ላይ ጨንቆኛል፤ ኳስ የሚበዛለትን ልውሰድ ወይስ ገና ያልተሞከረውን ጎበዝ?» አለኝ። የኔ ሐሳብ ግን ወደ ኦሃዮ፣ መጀመሪያ ወደኖርኩበት ዋይትሆል ሄደ።

በፈረንጆቹ 2021 ነው፣ ነሐሴ መጨረሻ። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ወገቤ አልቋል፤ ዓይኔ ዕቃ ማንሻው መኪና፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ነው። አለቃችን ጋሼ ተስፋዬ ግን «እችላለሁ፣ ልንዳው» ባልኳቸው ቁጥር «ልምድ የለሽም» ይሉኛል። ልምዱን ከየት እንደማመጣው አይነግሩኝም።

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቼ ለፋንታሲ ሰው ጎደለባቸውና አስገቡኝ። ጋሼ ተስፋዬ ጓሮ፣ በዚያ ወበቅ፣ የኦሃዮን ጣፋጭ በቆሎ ጠብሰን ሚጥሚጣ እየነሰነስን ተቀመጥን። ተጫዋች የመምረጫ ተራውን እንደ እቁብ ከቆብ ውስጥ ዕጣ አወጣንበት። አንደኛው ለጋሼ ወጣ። እሳቸውም፣ እቁብ ላይ ድግስ ላለበት እንደሚለቀቀው፣ «አዲስ ናት፣ ለሷ ይሁን» ብለው ለቀቁልኝ። ለጨዋታ ሲሆን ቸር ነበሩ።

«ታዲያ ማንን ልምረጥ?» አልኳቸው።

«ጎበዙ ማን ነው አትበይ፤ ኳሱ ለማን ይሰጣል በይ። የፈለገውን ያህል ታለንት ቢኖረው፣ ኮቹ ኳሱን ካልሰጠው ምን ያደርጋል?»

«ካልሰጠውስ ታለንቱን በምን ያሳያል፣ ጋሼ?»

ጋሼ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ስለ ኳስ ነው እኮ የማወራሽ።»

«እኔም ስለ ኳስ ነው።»

ምክራቸውን ሰምቼ ኳስ የሚበዛለትን መረጥኩ። እውነታቸውን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት «ነይ እስቲ» ብለው የፎርክሊፍቱን ቁልፍ ሰጡኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን በእንጨት መደብ፣ በፓሌት ላይ የተከመረ ሻምፑ ሙሉውን ደረመስኩ። ወለሉ ሁሉ አረፋ ሆነ፣ እኔም አበቃልኝ ብዬ አለቀስኩ። ጋሼ መጥረጊያ ይዘው መጡና፣ «በይ ጥረጊና ተመልሰሽ ፎርክሊፍቱ ላይ ውጪ» አሉኝ።

ዛሬ ፎርክሊፍት የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ጋሼ ችሎታዬን አይተው ያሳደጉኝ ይመስለዋል። እሳቸው ያዩት ነገር አልነበረም። እኔም ብሆን እችላለሁ ያልኩት አፌን ሞልቼ እንጂ ልቤን ሞልቼ አልነበረም። ቁልፉ እጄ ሲገባ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።