ከአጥር ማዶ «ደህና ነው»

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የቀርከሃ በራችን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። የተጣራ ሰው የለም። ዝናቡ ማባራቱ ስለነበር የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ እስከ አልጋዬ ገብቷል። ባለቤቴ እህል ሊሸምት ባምባሲ ከሄደ ሰንብቶ ነበር። የመንደሩ ሽማግሎች ደጃፍ ላይ ቆመው አፋቸውን ሳይከፍቱ መሞቱን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ባሌ ብቻ አይደለም የሚታወሰኝ። በልጅነቴ አሶሳ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ያየሁት ፈረንጅም ከሱ ጋር ይመጣል።

ያኔ አሶሳ ቀይ አፈር፣ የሣር ጎጆና የቀርከሃ አጥር ነበረች። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ነው፤ በቅሎዎቹን ጭኖ ጠረፍ ላይ ወዳለው ኩርሙክ ገበያ ወርዶ፣ ዝናብ ቀድሞት፣ ወንዝ ሞልቶበት ቀረ። እናቴ ቀን ቀን ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። ሊነጋጋ ሲል ግን ጆሮዋ በር ላይ ነው፤ መርዶ ነጋሪ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነዋ።

ሰኞ ማለዳ በሩ ሲጢጥ አለ። እናቴ ብቅ ስትል አንድ ቀጭን ወጣት ፈረንጅ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ምንም ሳትጠይቀው ደረቷን ደቅታ ጮኸች። ጎረቤታችን አሚና ሮጣ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ለቅሶው ከተጋጋለ በኋላ ነው ሰውየው መርዶ እንዳልያዘ የተረዳነው። ሃይማኖቱን ሊያስተምር የመጣ ሚሲዮናዊ ነበር። ሰዎች እርሻ ሳይወጡ ላግኛቸው ብሎ ማልዷል፤ ባርኔጣ ማውለቅም ባገሩ አክብሮት ኖሯል።

«የምሥራች ይዤ መጣሁ» አለ እየተንተባተበ።

እናቴ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «የምሥራች የያዘ ሰው እንዲህ ይቆማል? የምሥራች ከሩቅ ይጮኻል። ዝም ብሎ የሚመጣ መርዶ ነው።»

«ምን ብዬ ልጩህ?»

«ደህና ነው በል። እዚያው ከአጥሩ ማዶ፣ ልባችን ሳይቆም።»

የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው እንደነበር እስከ ዛሬ በውል አላውቅም። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ታዘው ከጓደኛው ጋር ነበር የመጣው። ጓደኛው ንዳድ ይዞት ከመንደሩ ዳር፣ ማንጎው ሥር ባለች ጎጆ ተኝቷል። የያዙት ኪኒን አልቋል። ወደ ደጋው ካልወጣ አይተርፍም፤ በእግሩ መሄድ አይችልም፤ የመንደሩ በቅሎዎች ደግሞ ሁሉም ከአባቴ ጋር ናቸው። እኛ አባታችንን ስንጠብቅ እሱም አብሮን ጠበቀ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ገና ከሩቁ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያለ ይመጣ ጀመር። እኛ ልጆቹ እየተከተልን እንጮህለታለን። ሰዉ ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ይል ነበርና «ሙሴ ደህና ነው» አለው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

«ኡም ዘነቡ» አለች አሚና፣ እናቴን በኔ ስም እየጠራች፤ በአገሬው በሩጣ ቋንቋ አፏን ስለፈታች አማርኛዋ የራሷ ነበር፤ «አትፈራ፣ ያ ፈረንጅ ነው። የዶሮ ሥራ ወሰደ። ዶሮ አሁን ምን ይበላል?»

የሚያስተምረውን ግን የሚሰማለት አላገኘ። የመንደሩ ሼህ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ማር አቅርበው፣ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጡትና «ልጄ፣ እኛ አላህን እናውቃለን። ለወንድምህ ግን ዱዓ እናደርጋለን» አሉት። ሌላውም እንዲሁ በደግነት ሸኘው። ጭቃ የበላውን ጫማውን በቅጠል እየጠረገ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ዞሮ ዞሮ እኛ ቤት ሲደርስ እናቴን «ባለ በቅሎው መጣ?» ይላታል። «ነገ ይመጣል» ትለዋለች። ለራሷ ግን እንዲያ ማለት አቅቷታል።

ወደ ማታ ከማንጎው ሥር በቋንቋቸው ሲዘምሩ ይሰማናል። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ ነበር። ሁለተኛው በየቀኑ እየቀጠነ ሄዶ ዓርብ ምሽት አንዱ ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ሲጢጥ አለ። «ደህና ነው» ያለ የለም።

እናቴ የአባቴ መርዶ ነው ብላ ወጣች። ሙሴ እንደ ሰኞው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። አየችውና ገባት። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ባሕር ማዶ ያለችውን የማታውቃትን እናት እየጠራች፣ ለማታውቀው ልጅ አለቀሰች። አሚና ከጎጆዋ ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች።

«የሰው ልጅ» አለች እናቴ።

አሚናም አጠገቧ ቆማ አለቀሰች። ሙሴ እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣውም ነበር። ሼሁና ጎረምሶቹ ጓደኛውን በቀርከሃ ምንጣፍ ጠቅልለው ማንጎው ሥር ቀበሩት።

እሑድ ከሰዓት አባቴ በቅሎዎቹን እየነዳ፣ ጅራፉን እያጮኸ ገባ። እናቴ እልል አላለችም። ሙሴ ከጎጆው ወጥቶ የመሪዋን በቅሎ ግንባር ዳሰሰ፤ ብዙ ጊዜ ዳሰሳት። በማግስቱ እሷኑ ተጭኖ ብቻውን ወደ ደጋው ሄደ። አንድም ሰው አላመነለትም። መቃብሩም በክረምት ብዛት ሰምጦ ከመሬት ተስተካከለ፤ ዛሬ አሳዪኝ ብባል አላውቀውም።

ጥሪው ግን ቀረ። በማለዳ ሰው ደጅ የሚመጣ ሁሉ፣ እሳት የሚለምነውም፣ ከብት የጠፋበትም፣ ገና ከአጥሩ ማዶ «ደህና ነው» ማለት ለመደ። ከማን እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው አሁን የለም። ባሌም አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከመንገድ ሲመለስ እንዲያ ነበር የሚገባው። ያን እየሰማሁ ነበር ተኝቼ የማድረው።

አሁንም ሊነጋጋ ሲል እነቃለሁ። ከአጥር ማዶ ሰው ይጣራል። «ደህና ነው» ይላል፤ ወደ ጎረቤት ያልፋል።